የእስረኛ ስንቅ

የወላይታ ወንጌላውያን ክርስቲያኖች ታሪክ በተነገረ ቁጥር መነሻው አኃዝ ነው። በ1920 ዓ.ም. ሶዶ የደረሱት የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን መልእክተኞች በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. በጣሊያን ትእዛዝ ከወላይታ ሲወጡ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ ምእመናን 48 ብቻ እንደ ነበሩ፣ ጠላት ድል ተነሥቶ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ ግን በ10,000 የሚገመት ሕዝበ ክርስቲያን እንደ ተቀበላቸው ሰባኪው ሲናገር ጉባኤው በእልልታ ይመልስለታል። እልልታውን አልነቅፍም፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር መሆኑ በእውነት የሚያስደንቅ ነውና። ነገር ግን ሁለቱ አኃዞች ብቻቸውን ሲጠሩ በመካከላቸው ያሉት ዓመታት እንዴት እንደ ታለፉ፣ ማን ምን በልቶ እንዳደረ፣ ማን ለማን ደጁን እንደ ከፈተ ሳይጠየቅ ይቀርና ነገሩ ሁሉ ከሰማይ ዱብ ያለ ይመስላል። እኔ ዛሬ ልናገር የምሻው ስለዚያ የመካከል ዘመን ነው፤ በተለይም ወደ ወኅኒ ቤት ስለሚወሰድ ስንቅ።

አስቀድሞ ግን ስለ ምድሩ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በ1887 ዓ.ም. ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ንጉሥ ጦናን ድል ነሥተው ወላይታን ወደ ግዛታቸው ባስገቡ ጊዜ የደረሰውን እልቂትና ምርኮ፣ ዘመቻውን ተከትሎ የነበረው ፈረንሳዊው ቫንደርሃይም በዓይኑ አይቶ ጽፎታል፤ ከዚያም በኋላ ገበሬው ገባር ሆኖ፣ የላቡን ፍሬ ለሌላ እያስረከበ፣ የጠፉ ዘመዶቹን ስም በምድጃ ዳር እየቈጠረ ኖሯል። እንዲህ ያለ ትዝታ በቤቱ የተቀመጠ ሕዝብ ስለ ተስፋ የሚነግረውን እንግዳ ወዲያው አያምነውም። ሆኖም ሚሲዮናውያኑ ሳይመጡ ከጋሞ ወገን የተነሣ ኤሳ ላሌ የሚባል ሰው ጣዖታችሁን ጣሉ፣ አንዱን ፈጣሪ ጦሳን ብቻ አምልኩ እያለ በወላይታ ሲሰብክ ብዙ ሰው አድምጦት ነበር፤ በዚህም ተይዞ ታስሯል። እጅግ ቀደም ባለው ዘመን ደግሞ ጻድቁ አቡነ ተክለ ሃይማኖት በዳሞት ምድር ሞተለሚን እንዳሳመኑ ገድላቸው ይተርካል፤ በወላይታ ያለው ደብረ መንክራትም እስከ ዛሬ በስማቸው ይከብራል። ስለዚህ የሚሽኑ መልእክተኛ ዶክተር ቶማስ ላምቢና ባልንጀሮቹ ጅማ ለመግባት አስበው ከአዲስ አበባ ወጥተው፣ ጉዟቸው ወደ ደቡብ ዞሮ በመጨረሻ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ በሠፈሩ ጊዜ፣ የረገጡት መሬት ስመ እግዚአብሔር ተጠርቶበት የማያውቅ ምድረ በዳ አልነበረም። ይህን የሚዘነጋ ትረካ፣ በማንም ቤተ እምነት ይነገር፣ ጎደሎ ነው እላለሁ።

የጣሊያን ወረራ ዘመን ለክርስቲያኖች ሁሉ የፈተና ዘመን ነበረ። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተደበደቡ። የሶዶ ሚሲዮናውያን ከወጡ ብዙም ሳይቈይ፣ ግንቦት 13 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ በተክለ ሃይማኖት ገዳም በደብረ ሊባኖስ የነበሩ መነኮሳት ተረሸኑ፤ የፋሽስቱ ሹማምንት ራሳቸው ለአለቆቻቸው ባስተላለፉት ቴሌግራም የዚያን ዕለት ሙታን መነኮሳት 297 ናቸው ብለዋል፣ ከዚያም በኋላ የቀጠለው ግድያ ቁጥሩን አብዝቶታል። በስተ ሰሜን የጥንታዊቱ ቤተ ክርስቲያን ልጆች ደማቸው ሲፈስ፣ በስተ ደቡብ ደግሞ ገና ጡት ያልጣለች የምትመስል አንዲት ትንሽ ጉባኤ ያለ መምህር፣ ያለ ሐኪም፣ ያለ ገንዘብ ቀረች። በእጃቸው በወላይትኛ የታተሙ ጥቂት የወንጌል ክፍሎች እንጂ ሙሉ መጽሐፍ አልነበረም፤ አዲስ ኪዳን በወላይትኛ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1981፣ መላው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ2002 ነውና። ማንበብ የሚችለው ጥቂቱ እያነበበ፣ የማይችለው ብዙው በቃሉ እያጠና፣ ከቤት ቤት ይወስደው ጀመር።

ጣሊያኖቹ የእንግሊዝና የአሜሪካ ሚሲዮናውያን ያስተማሯቸውን ሰዎች የጠላት ወገን አድርገው ይጠረጥሩ ነበርና መሪዎቻቸው ተለቅመው ታሰሩ። አቶ ዋንዳሮና አቶ ቶሮ ስማቸው ከሁሉ ይልቅ የሚጠራ ነው፤ ሁለቱም ታስረዋል፣ ሁለቱም በጉማሬ አለንጋ ተገርፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1966 ስለዚህ ዘመን በእንግሊዝኛ የጻፈው ሚሲዮናዊው ሬይሞንድ ዴቪስ ግርፋቱን በሰፊው ተርኮታል፤ ሰባኪዎቻችንም አብዝተው የሚጠቅሱት ያንኑ ነው። እኔን ግን በመጽሐፉ ውስጥ ያስቆመኝ ብዙ አንባቢ ዐልፎት የሚሄድ ሌላ ነገር ነው። በዚያ ዘመን በአገራችን ወኅኒ ቤት መንግሥት እስረኛ አይቀልብም፤ የታሰረ ሰው የሚበላው ዘመዱ ያመጣለትን ነው፣ ዘመድ የሌለው ደግሞ ከባልንጀራው ፍርፋሪ ይጠብቃል። በሶዶ ወኅኒ ቤት ለታሰሩት ክርስቲያኖች ግን ከየመንደሩ የሚላከው ስንቅ ከመብዛቱ የተነሣ ለእነርሱ ተርፎ ያላመኑት እስረኞችም ይበሉ እንደ ነበር ዴቪስ መዝግቧል።

ይህን ዐረፍተ ነገር እንደ ዋዛ የሚያነብ ሰው እንሰት ምን እንደሆነ የማያውቅ ነው። እንሰት በጓሮ ተተክሎ ለመብል እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል፤ ሲደርስ ይቈረጣል፣ ግንዱ ይፋቃል፣ ሥሩ ይወቀጣል፣ በቅጠል ተሸፍኖ በጉድጓድ ውስጥ ይብላላል፣ ከዚያ ወዲያ ነው ቆጮ ሆኖ ምጣድ ላይ የሚወጣው። ይህ ሁሉ የሴቶች ሥራ ነው። ስለዚህ ከጓሮዋ አንድ እግር እንሰት ለእስረኛ ብላ የነቀለች ሴት የሰጠችው ከማዕድ የተረፈውን አልነበረም፤ ለመጪው ክፉ ቀን ለልጆቿ ያቆመችውን ነበር። ደግሞም ያን በቅጠል ጠቅልላ፣ ከሁምቦ ቈላ ተነሥታ የሶዶን ዳገት ወጥታ፣ በወኅኒ ቤቱ ደጅ ቆማ የእገሌን ስንቅ አምጥቻለሁ ስትል፣ የዘበኛው ዓይን ፊቷን ይመዘግባል። የታሰረው ሰው ወንድሟ ወይም ባሏ ካልሆነ ለምን እንደ መጣች መልስ የላትም፤ አንድ መልስ ብቻ አላት፣ እሱም የሚያሳስራት ነው።

በማቴዎስ ወንጌል 25ኛ ምዕራፍ ታሳሪን መጠየቅ የፍርድ ቀን መመዘኛ ሆኖ ሲቀመጥ ለብዙዎቻችን የበጎ አድራጎት ምክር መስሎ ይሰማናል። በዚያ ዘመን በሶዶ ግን ይህ ቃል ጥብዓትን የሚጠይቅ ትእዛዝ ነበር። ስለ ጥብዓት ስናስብ ሁልጊዜ ተገራፊውን ብቻ እናያለን፤ የተገረፈው ሰው ግን አንዴ ከተያዘ በኋላ ምርጫው ጠባብ ነው፣ መካድ ወይም መታገሥ። ስንቅ አቀባይዋ ግን በየሳምንቱ፣ አንዳንዴም በየቀኑ፣ አዲስ ምርጫ ይጠብቃታል፤ ብትቀር ማንም አይወቅሳትም፣ የልጅ ሕመም፣ የዝናብ ብዛት፣ የእግር መንገድ ርቀት በቂ ምክንያት ነው። ሄደች። በማግስቱም ሄደች። ፍርሃት አልነበራትም የሚለኝን ሰው አላምነውም፤ ጉልበቷ እየተንቀጠቀጠ እንደ ሄደች ማሰብ ይቀለኛል፣ የበለጠም አከብራታለሁ።

የ10,000ው ምስጢርም በከፊል እዚሁ ይገኛል ባይ ነኝ፤ የመንፈስ ቅዱስን ሥራ በሰው ብልኀት ልተካ ፈልጌ ሳይሆን፣ መንፈስ ቅዱስ በምን በኩል እንደ ሠራ መጠየቅ ነውር ስላልሆነ ነው። ዘመድ የሌለው ሌባ፣ ከሌላ ጎሣ የመጣ ወንበዴ፣ በግብር ዕዳ የተያዘ ምስኪን ገበሬ፣ ሁሉም በዚያ ወኅኒ ቤት የማያውቃት ሴት ያመጣችውን ቆጮ ቈርሶ በልቷል። ተፈቶ ወደ መንደሩ ሲመለስ ምን እንደሚያወራ መገመት አያዳግትም። ስብከት በተከለከለበት አገር ይህን የመሰለ ስብከት ከየት ይመጣል? ከነጻነትም በኋላ ለወላይታ ምእመናን የአንዳንድ የአካባቢ ሹማምንት ወከባ አልቀረላቸውም፤ እነርሱም በበኩላቸው ራሳቸው ገና ሳይጠግቡ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ ወደ አሪ፣ ወደ ቡርጂ ለወንጌል ሥራ መውጣታቸውን አልተዉም፤ ወጪያቸውንም የሚሸፍንላቸው ያው በእህልና በቅቤ፣ በእንቁላልና በዶሮ የሚያዋጣው የገጠር ጉባኤ ነበር። ወንጌላዊው ማሃሪ ቾራሞ የሕይወቱን ታሪክ ሲያስጽፍ ያን ዘመን ሰፋ አድርጎ አውስቶታል።

በደርግ ጊዜ ስንቁ እንደገና ተቋጠረ። ያኔም ፈተናው የአንዱ ቤተ እምነት ብቻ አልነበረም፤ ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስና የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በአንድ ዓመት፣ በ1971 ዓ.ም.፣ ተገድለዋል። በወላይታ የወንጌላውያኑ የቃለ ሕይወት ጸሎት ቤቶች ተዘጉ፣ መሪዎች ታሰሩ፣ ምእመናን በየቤቱ በለሆሳስ ይጸልዩ ጀመር። ያን ዘመን የኖሩ አንዲት እናት፣ የጎረቤታችን አክስት፣ በአንድ ወቅት እንዳጫወቱኝ፣ ለእስረኛ የሚላከው ምግብ ለብዙ ሰው እንዲበቃ እንጀራው ላይ ወጥ አያፈሱም ነበር፤ ደረቅ ሆኖ ሲሄድ እየተቈረሰ ብዙ እጅ ይደርሳል፣ ወጥ የነካው ግን ቶሎ ይበላሻልና። ይህን የነገሩኝ እንደ ቀላል የማድ ቤት ነገር አድርገው ነው፤ ስለ ሃይማኖት እያወሩኝ መሆናቸውን የተገነዘቡት አልመሰለኝም።

አሁን ወዳለንበት ዘመን ልምጣ። ወላይታ ሶዶ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ርእሰ ከተማ ሆናለች፤ ሕንፃው ይሠራል፣ ባጃጁ ይርመሰመሳል፣ የየጉባኤው ድምፅ ማጉያ እሑድ እሑድ ከተማውን ይሞላዋል። በዚያው ዘመን ግን በዞኑ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዙን ለወራት ሳያገኝ የቆየበት ጊዜ ነበር፤ መምህራን ባዶ ኪስ ይዘው ክፍል ገብተዋል፣ ሳይገቡም የቀሩ አሉ፣ አቤቱታቸውም እስከ አዲስ አበባ ተሰምቷል። አንድ የማውቀው መምህር በዚያ ወቅት ባለ ሱቁ የዱቤ ደብተሩን ገልጦ ስሙ የሰፈረበትን ገጽ ሲያሳየው፣ ገጹ ሞልቶ ወደሚቀጥለው መዛወሩን አይቶ ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ሱቅ በር ማለፍ እንዳፈረ አጫውቶኛል። በዚያው ሳምንት በሄደበት ጉባኤ የተሰበከው ግን በዚህ ዓመት ስለሚከፈት በር፣ ስለሚመጣ መኪና፣ ስለሚገኝ ቪዛ ነበር። ሰውየው አሜን ብሎ ወጣ። ምን ያድርግ!

እንዲህ ያለውን ስብከት ተስፋ ብሎ መጥራት ያስቸግረኛል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት ተስፋን የትዕግሥትና የፈተና ልጅ አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ የእኛ ዘመን ሰባኪ ግን ተስፋን ከፈተና ቀድሞ እንዲወለድ፣ ያውም ቀን ተቈርጦለት እንዲወለድ ይፈልጋል፤ ቀኑ ሳይሆን ሲቀር ደግሞ የምእመኑን እምነት ጎደሎ ያደርገዋል። የወኅኒ ቤቱ ሰዎች መቼ እንደሚፈቱ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ነገ ጠዋት ስንቅ እንደሚመጣ ግን ያውቁ ነበር፤ ከዚህ በላይ ለመታገሥ የሚያስፈልግ ትንቢት ያለ አይመስለኝም። ፍርድ እንዳላጓድል እንዲህም ልበል፤ በዚያው በደመወዝ ችግር ወቅት ያለ አንዳች ማስታወቂያ እህል ሰብስበው ለአባሎቻቸው ያከፋፈሉ የገጠር ጉባኤዎች እንደ ነበሩ፣ በሰንበቴና በጽዋ ማኅበራቸው የተረዳዱ ኦርቶዶክሳውያንም እንዳልጠፉ ከዚያው ከመምህሩ ሰምቻለሁ። ድምፅ ማጉያ የሌለው ነገር ስለሆነ ሩቅ አይሰማም።

የሚቈጨኝ አንድ ነገር አለ። ስለዚያ የተጋድሎ ዘመን የተጻፉት ዋና ዋና መጻሕፍት፣ የዴቪስ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመው የፒተር ኮተረል፣ በ2009 የወጣው የፖል ባሊስኪ፣ ሁሉም የውጭ ሰዎች በእንግሊዝኛ የጻፏቸው ናቸው፤ ባለውለታዎቻችን ስለሆኑ አመሰግናቸዋለሁ። ነገር ግን የመሪዎቹ ስም ሲቈጠር ዋንዳሮ፣ ቶሮ፣ ብሩ እየተባለ ይቀጥልና ወደ ስንቅ አቀባዮቹ ሲደርስ ስም ጠፍቶ ሚስቶቻቸው፣ እህቶቻቸው፣ ምእመናቱ በሚል ይታለፋል። በስንክሳር የሰማዕታት መታሰቢያ ሲነበብ ያደገ ሰው ይህ ይከብደዋል። በጣሊያን ጊዜ ልጅ ሆነው እናታቸውን ተከትለው ወደ ወኅኒ ቤቱ ደጅ የሄዱት ዛሬ ቢኖሩ ዘጠና ዓመት የዘለላቸው ናቸው፤ የደርግ ዘመን ስንቅ አቀባዮች ግን አሁንም በቦዲቲ፣ በአረካ፣ በሁምቦ ጠበላ በየቤታቸው አሉ፣ ብዙዎቹም የሚጠይቃቸው ቢያገኙ ወላይትኛውን እንደ ውኃ ያወርዱታል። ሶዶ ላይ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ወላይትኛ የሚናገር፣ ስልኩ ድምፅ የሚቀዳለት ተማሪም ሞልቷል። ሄዶ ሦስት ነገር ብቻ ይጠይቃቸው፦ ስንቁን ማን ቋጠረው፣ ምን ነበረበት፣ በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ምን አላቸው። መልሱን ከነስማቸው ይጻፍልን።