እንግዳ ካልመጣ የማናየው ከተማ

አዲስ አበባ ተወልደን ያደግን ልጆች ሙዚየም የምናየው በዕድሜያችን ሁለት ጊዜ ነው። አንዴ አራተኛ ክፍል ሆነን፣ ዩኒፎርም ለብሰን፣ ምሳ ዕቃ አንጠልጥለን፣ ተቆጥረን ገብተን ተቆጥረን ስንወጣ። ሁለተኛው ደግሞ አክስታችን ከአሜሪካ ስትመጣ። ያኔማ ማን ይቻለን! "ይሄ የኛ ነው፣ ያም የኛ ነው" እያልን አስጎብኚ ሆነን ቁጭ ነው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን መግለጫ ጽሑፉን ለመጀመሪያ ጊዜ የምናነበው እኛም ከአክስታችን እኩል ነው።

በዓል ሰኞ ላይ ውሎ ሦስት ቀን ሲገኝስ? ያለው ወደ ቢሾፍቱ፣ ከዚያም የተረፈው ወደ ሐዋሳ ይነዳል። የሌለው እንደኛ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ተከታታይ ድራማ ይጨርሳል (ድራማ ላይ ቂም የለንም)። የዛሬው ሐሳባችን ታዲያ ቀላል ነው፤ ሦስት ቀን ስታገኙ እዚሁ ከተማችሁ ቆዩና ሙዚየም ግቡ። ከጓደኛ ጋር ግን አይደለም፣ ከቤተሰብ ጋር። አያት ያላችሁ ደግሞ አያታችሁን ይዛችሁ። ለምን እንደምንል እንንገራችሁ።

ባለፈው እንዲህ ያለ እረፍት ሲገጥመን ሰባት ሆነን ወጣን። አያታችን (እማዬ ነው የምንላት)፣ እናታችን፣ አጎታችን፣ እኛ ሦስታችን እና የታላቅ እህታችን የስድስት ዓመት ልጅ። ቅዳሜ ጠዋት አምስት ኪሎ፣ ብሔራዊ ሙዚየም። ምድር ቤት ያለችውን ድንቅነሽን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፤ ኅዳር 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችው፣ የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ። ቁመቷ አንድ ሜትር ከአሥር ሳንቲ ገደማ ነው። ትንሿ ልጃችን ፊቷ ቆመችና "እኔን ታክላለች!" ብላ ጮኸች። አራተኛ ክፍል ሆነን ያልገባን ነገር በአንድ ጩኸት ገባን።

በነገራችን ላይ እዚያ የምናየው ቅጂውን ነው። ዋናው አፅም ለደኅንነቱ ሲባል ተቆልፎ ይቀመጣል፤ ተገቢ ነው፣ አንከራከርም። ግን ዋናዋ ድንቅነሽ ከ1999 እስከ 2005 ዓ.ም. አሜሪካ ቆይታ መጣች፤ በ2017 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ደግሞ ዲኪካ የተገኘችውን ሰላምን አስከትላ ፕራግ ሄደች። አሜሪካዊውም ቼኩም ተሰልፎ ዋናውን አየ። እኛስ? እኛ ቅጂውንም ለማየት አክስታችንን እንጠብቃለን።

ከሰዓት በኋላ ወደ ስድስት ኪሎ ወጣን፤ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም። ሕንፃው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር፤ ከታኅሣሥ 1953ቱ ግርግር በኋላ ነው ንጉሡ ለዩኒቨርሲቲው የሰጡት። መኝታ ቤታቸውና መታጠቢያ ክፍላቸው ዛሬም ይታያል። በር ላይ ደግሞ ወደ የትም የማያደርስ ደረጃ አለ። ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከእ.ኤ.አ. 1922 ጀምሮ ለእያንዳንዱ የፋሺስት ዓመት አንድ አንድ ደረጃ ጣሊያኖች ያቆሙት ነው። በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ወጥቶ ቁጭ አለበት። ይቺን ቀልድ ያሰባት ሰው ነፍሱን ይማረው!

ዋናው ነገር ግን ውስጥ ነው የጠበቀን። ይህ ሙዚየም ዕቃውን በብሔር በብሔር አልደረደረም፤ በሰው ሕይወት ቅደም ተከተል ነው ያስቀመጠው። ከልደት ይጀምርና በልጅነትና በጉልምስና አድርጎ እስከ ሞት ይሄዳል። እማዬ ልደት ላይ ቆማ ቀረች። እኛ ሁለት ክፍል አልፈን ብንመለስም እዚያው ናት። እናታችንን ይዛ ስለ አራስ ቤት ታወራለች፤ ገንፎው እንዴት እንደሚገነፋ፣ እልልታው ለወንድ ስንት ለሴት ስንት እንደሆነ። አንድ አስጎብኚ ከነፈረንጆቹ ቆሞ መስማት ጀመረ፤ ሊተረጉምላቸው ሁሉ ሞከረ። ከዚያ ወደ አጎታችን ዞር ብላ "አንተማ የተወለድከው በሰዓት እላፊ ነው። አዋላጅ ጠርቶ የሚያመጣ ጠፍቶ ጎረቤት ናት እትብትህን የቆረጠችው፤ ወንድሜ ከተወሰደ በሳምንቱ" አለች።

አጎታችን አርባ ስምንት ዓመቱ ነው። ወንድም እንደነበራት ያውቃል፤ "በደርግ ጊዜ የሞተ" ከሚል በቀር ግን ሰምቶ አያውቅም። እኛም እንደዚያው። ቤታችን ስንት ሺህ ጊዜ ቡና ተፈልቷል? አንድም ቀን አልተነሳም። መስታወት ውስጥ ያለ የሰው ዕቃ አነሳው።

ለዚህ ነው ከቤተሰብ ጋር ሂዱ የምንለው። ሙዚየም ውስጥ ያለው መግለጫ ሦስት መስመር ነው፤ አራተኛውን መስመር የያዘችው አያታችሁ ናት። "አያቶቻችን አይናገሩም" ብለን ስንት ጊዜ አማረርን! ቤት ውስጥ "እስኪ ስለ ቀይ ሽብር ንገሪን" ብትሏት እኮ "ተዉኝ ልጆቼ፣ ይለፍ" ነው መልሷ። ጥያቄው ከናንተ ሲመጣ ምርመራ ይሆንባታል፤ ከዕቃው ሲመጣ ግን ጨዋታ ነው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መስቀል አደባባይ ወረድን። የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ እዚያ ነው። ቦታው ዝም ብሎ የተመረጠ አይመስለንም፤ ሚያዝያ 1969 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቀይ የተሞላ ጠርሙስ እያነሳ የከሰከሰው አብዮት አደባባይ በሚባልበት ዘመን እዚሁ ሜዳ ላይ ነበር። ሕፃን ይዞ መግባት ላይ ተከራክረን "አይሆንም" ብለናል። የራስ ቅልና አፅም ለስድስት ዓመት ልጅ አይታይም፤ እሷና እናታችን አደባባዩ ላይ ቆሎ ሲበሉ ቆዩ። እናንተም እንዲህ ተከፋፈሉ፤ ቤተሰብ ማለት ሁሉም ሁሉን ያያል ማለት አይደለም።

እማዬም አልገባም ብላ ነበር። ሐዘንተኛ ሴቶቹ ሐውልት ጋ ትንሽ ተቀመጠች። ከዚያ ማንም ሳይለምናት ተነስታ ገባች። የሰማዕታቱ ፎቶ የተደረደረበት ግድግዳ ጋ ስትደርስ ከግራ ጀምራ አንድ በአንድ አየች። እኛ ከኋላዋ ነን፤ ትንፍሽ ያለ የለም። ጨረሰችና "የኔ ልጅ የለም" አለች (ታናሽ ወንድሟን ነው፣ አሳድጋዋለች)። ቀጥላ "ማን ሰጥቷቸው ይኖራል? እኔ ነኝ የደበቅኩት።"

የት ብትሉን ከሥዕለ ማርያም ጀርባ። ሳሎናችን ግድግዳ ላይ፣ ዕድሜያችንን በሙሉ ከሥሩ ቡና የጠጣንበት ሥዕል! ያኔ ፎቶውን መያዝ ያስፈራ ስለነበር ፍሬሙን ከፍታ ከተተችው፤ ከዚያ ወዲህ አላወጣችውም።

ወዳጆቻችን፣ በ1969 ሃያ ዓመት የነበረው ወጣት ዛሬ ሰባን ተጠግቷል። ስሌቱን እናንተው ሥሩት። የድንቅነሽ አፅም 3.2 ሚሊዮን ዓመት ጠብቋል፤ የእማዬ ጉልበት ግን ለሁለተኛው ፎቅ ደረጃም ማማረር ጀምሯል። (ለዚህም ምክር አለን፤ በቀን ከሁለት ሙዚየም አትለፉ፣ ቀላል መቀመጫ ያዙ፣ ምሳ በሰዓቱ ብሉ። ለሰባት ሰው ታክሲና መግቢያ ሲደመር ኪስ ይነካል፤ ከሐዋሳው ግን ይቀላል።)

አዲሶቹን ቦታዎች ጠልተን አይደለም። ሰኞ ለትንሿ ስንል አንድነት ፓርክ ገብተን አንበሳ አይተናል፤ ፒያሳ ያለው የአድዋ ድል መታሰቢያም ግዙፍነቱ ያስደንቃል። ልጆች ካላችሁ ውሰዷቸው። ግን እዚያ እማዬ እንደኛው ጎብኚ ነበረች፤ ፎቶ አንሱኝ አለች፣ አነሳናት፣ አበቃ። ቅዳሜና እሑድ ግን እሷ ነበረች የምታስጎበኘን።

ሰኞ ማታ አጎታችን ወንበር ላይ ወጥቶ ሥዕሉን አወረደ። ፎቶው አለ፤ ጥቁርና ነጭ፣ አፍሮ ያበጠረ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ሸሚዙ አንገቱ ድረስ ተቆልፏል። ክርክሩ ያኔ ተጀመረ። አጎታችን "ሙዚየሙ ግድግዳ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ይሁን፣ እንስጠው" አለ። እኛም ከእሱ ጋር ነን። እናታችን ቅጂው ይሰጥ፣ ዋናው ቤት ይቅር ባይ ናት። እማዬ ሦስታችንንም ሰምታ ስታበቃ ፎቶውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና "እስኪ መጀመሪያ እዚህ ይቀመጥ፤ ቤቱን ይየው" ብላ ቴሌቪዥኑ ላይ አቆመችው። እስከ ዛሬ እዚያው ነው፤ ክርክሩም አላለቀም።