ስሙ ከመዝገብ ከመፋቁ በፊት

በምዕራብ ጎጃም ከሚገኙት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአንደኛው አብሮን የሚማር አንድ ልጅ ነበር። ወላጆቹ ገበሬዎች ስለ ነበሩ፣ እንደ አብዛኞቻችን ከተማ ውስጥ አንዲት ክፍል ከጓደኛው ጋር ተከራይቶ፣ በየገበያው ቀን ከገጠር በሚመጣለት ስንቅ ይኖር ነበር። አንድ ሰኞ ሳይመጣ ቀረ። ማክሰኞ በገዛ እጁ መሞቱን ሰማን። ረቡዕ ስም ጠሪው መምህር ስማችንን ሲጠሩ የእርሱ ተራ በደረሰ ጊዜ ጥቂት ዝም አሉና ወደሚቀጥለው አለፉ። በሳምንቱ ስሙ ከመዝገብ ተፍቆ ነበር። ከዚያ በኋላ ስለ ልጁ በትምህርት ቤቱ የተነገረ አንድ ቃል የለም። አብሮት ይኖር የነበረው ጓደኛው ወሩ ሳይሞላ ትምህርቱን ጥሎ ወደ አገሩ ገባ፤ ለምን ብሎ የጠየቀው አልነበረም።

ይህን የማነሣው መምህሩን ለመውቀስ አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ምን እንደሚባል ያስተማራቸው ሰው አልነበረም። ትምህርት ቤቶቻችን ለፈተና፣ ለስፖርት ውድድር፣ ለወላጆች በዓል ዕቅድ አላቸው፤ አንድ ተማሪ ሕይወት ሲመረረው ወይም ራሱን ሲያጠፋ ግን ማን ምን እንደሚሠራ የተጻፈ ነገር የላቸውም። በእኔ አስተያየት ይህ ጉድለት ገንዘብ ሳይጠይቅ ሊስተካከል የሚችል ስለሆነ፣ እስካሁን አለመስተካከሉ የሁላችንም ጥፋት ነው።

ብዙ ሰው ዝምታን የሚመርጠው በቅን ልብ ነው። ነገሩን ማንሣት ለሌላው ማሳሰብ ይሆናል ብሎ ይፈራል። ነገር ግን በዚህ ጉዳይ ላይ በየአገሩ የተደረገው ጥናት የሚያሳየው የተጨነቀን ሰው «ለመሞት ታስባለህ ወይ?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን እንደማይፈጥርበት ነው፤ እንዲያውም ብዙውን ጊዜ ያቀልለታል። አደገኛው ሌላ ነው፤ አሟሟቱን እየዘረዘሩ ማውራትና ሞቱን እንደ ጀግንነት ማስጌጥ ነው። እኛ ደግሞ የምናደርገው የዚህን ግልባጭ ነው። በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ ስለሆነው ስንናገር ድምፃችንን ከፍ እናደርጋለን፤ ስለ ጎረቤታችን ልጅ ሲሆን ግን እናንሾካሽካለን። የአባቶቻችን ተረት ደግሞ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል።

በሽታው ትንሽ ነው የሚል ካለ ቁጥሩን ይመልከት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገለጸው በ2021 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በዓለም ላይ 727,000 ያህል ሰዎች ራሳቸውን አጥፍተዋል። ከ15 እስከ 29 ዓመት ባለው ዕድሜ፣ ማለትም በእኛ ዕድሜ፣ ከሞት ምክንያቶች ሦስተኛው ይህ ነበር። ከአራቱ ሦስት ያህሉ የሞቱትም ሀብታም ባልሆኑ አገሮች ነው። በአገራችንም በቡታጅራ አካባቢ ከ10,000 በላይ በሚሆኑ ሰዎች ላይ የተደረገውና በ1999 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የታተመው ጥናት፣ ከ100 ሰው ከ3 የሚበልጡት በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው እንደሚያውቁ አሳይቷል። ቡታጅራ ጎጃም አይደለም፤ ነገር ግን ይህ የፈረንጅ ከተማ ችግር ነው ለሚለው ሰው በቂ መልስ ይመስለኛል።

ምክንያቱን በአንድ ቃል መናገር አይቻልም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2። ከ100 ልጆች 97ቱ ወላጆቻቸው ከጤፋቸውና ከበርበሬያቸው ሸጠው የከፈሉበትን ትምህርት ባዶ እጃቸውን ይዘው ተመለሱ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም ላይ ከ20 በላይ ሰዎች በአየር ጥቃት ሞቱ፤ ከዚያም ወዲህ በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች በጦርነቱ ምክንያት ተዘግተው ከርመዋል። ሳይፈልጉ የሚዳሩ ልጃገረዶችም አሉ። ሆኖም ይህ ሁሉ የደረሰበት አብዛኛው ሰው ኖሯል። የወደቀ ሁሉ አይሞትም፤ የሞተውም በፈተና ብቻ አልሞተም። የአእምሮ ሕመም፣ መጠጥ፣ የቤተ ሰብ ጠብ፣ ኀዘን፣ ብቸኝነት ተደራርበው ነው ሰውን የሚያደክሙት። ተደራርቦ የመጣ ነገር ከሆነ ደግሞ መንገድ ላይ የሚያገኘው ሰው ካለ ሊያቆመው ይችላል።

ይህም ብቻ አይደለም። ጭንቀቱ ለረጅም ጊዜ ቢቆይም ለመሞት የሚያስቆርጠው ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው። በዚያ ሰዓት የሚገድል ነገር ከእጅ ከራቀ ብዙ ሰው ይተርፋል፤ ከተረፉትም አብዛኞቹ በኋላ በዚህ መንገድ አይሞቱም። ስሪላንካ እጅግ መርዛማ የሆኑትን የሰብል መድኃኒቶች በየጊዜው ከገበያ በማገዷ ከ1995 እስከ 2015 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር 93,000 ያህል ሕይወት መትረፉን አጥኚዎች ገምተዋል። ቡሬና ጃቢ ጠህናን የበቆሎና የበርበሬ አገር ናቸው፤ የተባይ መድኃኒት የማይገባበት ቤት ጥቂት ነው። ይህ ዕቃ በየቤቱ ጥግ ከሚቀመጥ በቀበሌው የኅብረት ሥራ ማኅበር ግምጃ ቤት ተቆልፎ ቢቀመጥና ገበሬው በሚረጭበት ቀን እየወሰደ ቢመልስ፣ ዋጋው የአንድ ቁልፍ ዋጋ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። በአገራችን ልማድ ራሱን ያጠፋ ሰው ፍትሐት ይከለከላል፤ ለቀስተኛውም ይሸሻል። እናት የምታለቅሰው በሯን ዘግታ ነው። ስለ ቀኖና ለመናገር እኔ ማን ነኝ? ነገር ግን በ4ኛው መቶ ዓመት የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳስ የነበረው ጢሞቴዎስ ስለዚሁ ጉዳይ ተጠይቆ፣ ካህኑ ሟቹ አእምሮውን ስቶ እንደሆነና እንዳልሆነ አጥብቆ ይመርምር ብሎ መመለሱ የታወቀ ነው። ይመርምር ነው እንጂ ሳትጠይቁ ዝጉ አላለም። ስለዚህ የንስሐ አባቶቻችን ከሐኪሞች ጋር ተቀምጠው ቢነጋገሩበት አዲስ ሃይማኖት ማምጣት አይሆንም። ደግሞም ፍትሐት የካህናት ጉዳይ ይሁን፤ ልቅሶ መድረስ ግን የእኛ ነው። እድሩ ድንኳኑን መትከል፣ ጎረቤቱም እንጀራ ይዞ መግባት ይችላል። ልጁ የሞተበት ቤተ ሰብ በደለኛ ሳይሆን ኀዘንተኛ ነው፤ ብቻውን ከተተወ ሁለተኛ ሞት ሊከተል ይችላልና።

ሕጉንም የሚፈሩ አሉ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 542 የሚቀጣው ሌላውን ሰው ራሱን እንዲያጠፋ የሚያነሣሣውን ወይም የሚረዳውን ነው። እንግዲያስ ሞክሮ የተረፈን ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ከመውሰድ የሚከለክለን ነገር የለም።

ታዲያ ምን እናድርግ? እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በአንድ ገጽ የሚያልቅ ዕቅድ ይኑረው እላለሁ። አስቀድሞ የሚሠራው ይህ ነው። ተማሪው ቀርቦ የሚያነጋግራቸው አንድ ወንድና አንዲት ሴት መምህራን ይመረጡ፤ ስማቸውም በየክፍሉ ይነገር። ስም ጠሪ መምህራን ተስፋ መቁረጡን የሚናገር፣ ንብረቱን የሚያድል፣ ከጓደኞቹ የሚሸሽ፣ በድንገት ከትምህርት የሚቀር ተማሪ ሲያዩ ለእነዚህ ይንገሩ። ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ተማሪዎች ከሁሉ በፊት የሚያዩት እነርሱ ናቸውና፣ «አትንገርብኝ» የተባለውን ምስጢር ለመናገር ፈቃድ እንዳላቸው ይወቁ፤ ጓደኛ ከሚሞት ጓደኛ ቢቀየም ይሻላል። የተጨነቀውን ልጅ ብቻውን «ሂድና ታከም» ማለት አይበቃም። ሆስፒታል ድረስ አብሮት የሚሄደው ማን እንደሆነ፣ የመኪናውንም ዋጋ ማን እንደሚከፍል አስቀድሞ ይወሰን። ወደ ጠበል የሚሄድም ቢኖር የሐኪሙን መድኃኒት ሳያቋርጥ ይሂድ።

ሞት ከደረሰም በኋላ ሥራ አለ። ርእሰ መምህሩ ቤተ ሰቡን አነጋግሮ፣ በዚያው ቀን በየክፍሉ አጭርና እውነተኛ ቃል ያስነብብ። የአሟሟቱ ዝርዝር አይነገር፤ ሟቹም አይወቀስ፣ አይወደስ። የቅርብ ጓደኞቹ፣ አብረውት የሚኖሩትና ከእርሱ በፊት ሞክረው የሚያውቁ ተማሪዎች ከሚቀጥለው ቀን ጀምሮ ለብዙ ሳምንታት ይጠየቁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እዚህ ላይ አይሠራም፤ ጅቡ ገና በደጅ አለና።

በመጨረሻ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ሲጀመር ከእኛ በፊት የነበሩ ተማሪዎች አንድ አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች እየወረዱ አስተምረዋል። እኛ የምንጠየቀው አንድ ዓመት አይደለም። ክረምት ከመግባቱ በፊት፣ ከትምህርት ክፍሎቻችን የሥነ ልቡናና የጤና መምህራን ጋር ሆነን ይህን አንድ ገጽ ዕቅድ እናዘጋጅ፤ ይህ ጋዜጣ በሚባዛበት መኪና እናባዛው፤ ከዚያም እያንዳንዳችን ለመጣንበት ትምህርት ቤት፣ ለእድሩ ዳኛና ለንስሐ አባቱ ይዘን እንሂድ። መንገድ በተዘጋበት ቦታ መንገድ እስኪከፈት እንጠብቅ፤ ወረቀቱ ግን ተዘጋጅቶ ይጠብቅ።

እነዚያ መምህር ረቡዕ ጠዋት ዝም ያሉት የሚሉት ስላልነበራቸው ነው። ሌላው ስም ጠሪ እንደ እርሳቸው መዝገቡን ይዞ ዝም እንዳይል አሁኑኑ እንጻፍለት።