በር ላይ ጠይቆ ውስጥ ማስተማር

የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች ውጤት ሲገለጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ሆነ፤ የ2015ቱም 3.2። ከዚያ ወዲህ በየሻይ ቤቱ አንድ ፍርድ እንሰማለን፦ «የገጠር ልጅ ይሸመድዳል እንጂ ማሰብ አይችልም፤ አፕቲትዩዱ አጋለጠው!» እኛ ግን ይህ አባባል ውኃ አይቋጥርም እንላለን።

እርግጥ ውጤቱ የአፕቲትዩድ ብቻ አይደለም፤ ፊዚክሱም ሒሳቡም አለበት። ነገር ግን ፊዚክስ የወደቀ «አልተማረም» ሲባል፣ አፕቲትዩድ የወደቀ «አልተፈጠረለትም» ይባላል። ጠባችን ከዚህች ቃል ጋር ነው።

እስቲ ነገሩን በምሳሌ እንየው። ንብ አናቢዎች ሁሉ ገበሬዎች ናቸው። አንዳንድ ገበሬዎች ነጋዴዎች ናቸው። ስለዚህ አንዳንድ ንብ አናቢዎች ነጋዴዎች ናቸው። ድምዳሜው ከመነሻዎቹ ይከተላል ወይ? የዴቻ ወይም የጨና ልጅ «አዎን» ይላል። ለምን አይል? ማሩን ቆርጦ ቦንጋ ገበያ አውጥቶ የሚሸጠውን ሰው ያውቀዋል እኮ! ፈታኙ ግን «አይከተልም» ይላል፤ ነጋዴ የተባሉት ገበሬዎች አንድም ቀፎ የሌላቸው ሊሆኑ ይችላሉና። ፈታኙ ትክክል ነው፤ ልጁም አልዋሸም። ፈታኙ የጠየቀው «ይከተላል ወይ?» ብሎ ነው፤ ልጁ የመለሰው «እውነት ነው ወይ?» ለሚለው ነው። ይህን ልዩነት ይዞ የሚወለድ የለም። ሰሌዳና ጠመኔ ካለ ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ ይለመዳል።

«አንዳንድ» የምትለውንም ቃል ተመልከቱ። በሠፈራችን «አንዳንዶቹ መጡ» ከተባለ የቀሩ አሉ ማለት ነው። በሥነ አመክንዮ ግን «ቢያንስ አንድ» ማለት ነው፤ ሁሉም መጥተው ቢሆን እንኳ አባባሉ አይፈርስም። በዚያ ላይ ጥያቄው የሚመጣው በእንግሊዝኛ ነው። አፉን በካፊኖኖ ፈትቶ፣ በአማርኛ ተገበያይቶ ያደገ ልጅ «ካልሆነ በቀር»ን እና «ከሆነ ብቻ»ን በሦስተኛ ቋንቋ፣ ሰዓት እየተቆጠረበት ሊለያቸው ነው። ታዲያ የተለካው ማሰቡ ነው ወይስ እንግሊዝኛው?

«በቀድሞው የአሥራ አንደኛ ክፍል ሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ ነበረ» የሚሉን አሉ። አዎን፣ ነበረ፤ በ«ፒ» እና በ«ኪው» ፊደል ተጽፎ፣ በሠንጠረዥ ተሰልፎ። የንብ አናቢው ነገርና ያ ሠንጠረዥ ዘመዳሞች መሆናቸውን ግን የነገረን አልነበረም።

ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ ይኸውላችሁ። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎቻችን ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች «ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ» የሚባል ትምህርት ይሰጣል። መልካም! ግን የሚማረው ማን ነው? በሩን ያለፈው። ቁልፉ የሚታደለው ከገቡ በኋላ ነው። ውጭ የቀረው ልጅ ደግሞ ቁልፍ ሳይሰጠው «ጭንቅላት የለውም» ተብሎ ይሸኛል።

«ፈተናው ይቅር» ከሚሉ ወዳጆቻችንም ጋር አንስማማም። የማመዛዘን ጥያቄ ከቀረ የሚነግሠው ሽምደዳ ነው። ደግሞስ ጥያቄው ይቅርልን ማለት የገጠር ልጅ ማሰብ አይችልም ብሎ በገዛ እጅ መፈረም አይደለምን? «መልሱ ሲጠፋህ ረጅሙን ምረጥ» የሚል ወረቀት ለሚቸበችቡትም ጆሮ አንሰጥም፤ ያ ጥንቆላ እንጂ ትምህርት አይደለም።

የምንለው አጭር ነው። ሥነ አመክንዮ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ራሱን ችሎ ይሰጥ። ተማሪው በሚያስብበት ቋንቋ ይጀመር፣ በእንግሊዝኛ ይደገም። ፈተናው ከዚያ በኋላ የፈለገውን ያህል ይክበድ።

እስከዚያው እኛስ? በሩን አልፈን ቁልፉን ኪሳችን የከተትን ሰዎች ዝም ካልን ከወቃሾቹ በምን እንለያለን? ዘንድሮ ክረምት ወደ አዲዮ፣ ወደ ጠሎ፣ ወደ ጌሻ ስንመለስ ጠመኔ እንያዝ። «እውነት ነው» እና «ይከተላል» ሁለት ነገሮች መሆናቸውን ለታናናሾቻችን እናሳያቸው። ያን ጊዜ ማን ማሰብ እንደሚችል እንተያያለን!