«ዕዳህን ስትከፍል ዕቃህን ትወስዳለህ»

የሌላ ሰው ንብረት ያለ መብት ይዞ ማቆየትና ባለቤቱ ሲጠይቅ አልመልስም ማለት በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሁለት ግዴታ ያስከትላል፤ ዕቃውን መመለስና ባለቤቱ ላይ የደረሰውን ጉዳት መካስ። ዕቃው መጀመሪያ የተያዘው በስርቆት ወይም በጉልበት መሆኑ የግድ አይደለም። በአደራ፣ በውሰት ወይም ለጥገና ተብሎ በሕጋዊ መንገድ እጅ የገባ ዕቃም የመመለሻው ጊዜ ደርሶ ካልተመለሰ ያለ መብት የተያዘ ንብረት ይሆናል።

ከጌጃ ሠፈር እስከ ጦር ኃይሎች፣ በልደታ እንደሌላው የአዲስ አበባ ሠፈር ሁሉ፣ ነገሩ የሚታየው በዕለት ተዕለት ኑሮ ውስጥ ነው። ኪራይ ያጠራቀመ ተከራይ ከሥራ ሲመለስ ክፍሉ በአከራዩ ቁልፍ ተቆልፎ ያገኘዋል፤ አልጋው፣ ልብሱና የልጆቹ ደብተር ውስጥ ቀርተዋል። በጥገና ዋጋ ያልተስማማ የጋራዥ ባለቤት መኪናውን አላስወጣም ይላል። ሥራ የለቀቀ ሠራተኛ ሲቀጠር ያስያዘውን ዋናውን ዲግሪ ቢጠይቅ «መጀመሪያ ሒሳብህን አወራርድ» ይባላል። ያዡ ራሱን ሌባ አድርጎ አያይም። ገንዘቡ የቀረበት እሱ ስለሆነ እውነቱ ከእሱ ጋር እንደሆነ ያምናል፤ ክርክሩን የሚያከረውም ይኸው እምነት ነው።

ሕጉ ግን ዕዳንና ዕቃን ለይቶ ያያል። ገንዘብ የሚፈለግበት ሰው ተከስሶ ይከፍላል እንጂ አበዳሪው የፈለገውን ንብረት መርጦ በራሱ ሥልጣን መያዣ ሊያደርግ አይችልም። በተንቀሳቃሽ ንብረት ላይ የዋስትና መብት የሚመሠረተው በስምምነት ነው፤ የተንቀሳቃሽ ንብረት የዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 የቆመውም በዚሁ መሠረት ላይ ነው። እርግጥ ሕጉ ራሱ ዕቃ የማቆየት መብት የሰጣቸው አሉ፤ ለምሳሌ ወኪል ለውክልናው ሥራ የተሰጠውን ዕቃ የሚገባው እስኪከፈለው ሊይዝ ይችላል። ይህን መብት የሚጠራ ሰው ግን የሕጉን አንቀጽ ወይም የውሉን ቃል ማሳየት አለበት። «ገንዘብ አለብህ» ማለት ብቻ አይበቃም። በድሮው ዘመን ባለገንዘብ ባለዕዳውን ራሱን በቁራኛ ይዞ ያቆይ ነበር። ሰውን መያዝ ሲቀር ዕቃውን መያዝ በልማድ የተተካ ይመስላል፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣውና ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ለዚህ ልማድ ቦታ አልሰጠም።

ባለቤቱ የሚሄድበት መንገድ ከአንድ በላይ ነው። የመጀመሪያው በባለሀብትነቱ ላይ የቆመው የቁጥር 1206 መንገድ ነው፤ ባለሀብት ንብረቱን ያለ መብት ከያዘ ከማንኛውም ሰው እጅ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ሁለተኛው የይዞታ ክስ ነው። ቁጥር 1149 ይዞታው የተወሰደበት ሰው ዕቃው እንዲመለስለትና ጉዳቱ እንዲካስ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ ክፍሉ የተቆለፈበት ተከራይ እዚህ ላይ የአልጋውን ደረሰኝ ፍለጋ መባዘን አይጠበቅበትም፤ ዕቃው በእጁ እንደነበረ ማስረዳት ይበቃዋል። ይህ መንገድ ቀላል ቢሆንም ዕድሜው አጭር ነው፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። በሽምግልና «ነገ ይመልሳል» እየተባለ ሁለት ዓመት ሳይታወቅ እንደሚያልፍ ማንም የሠፈር ሽማግሌ ያውቃል።

ካሳውን በተመለከተ በመካከላቸው ውል መኖር አለመኖሩ ወሳኝ ነው። ጋራዥ የገባ መኪና፣ በአደራ የተሰጠ ዕቃና የተዋሰ መሣሪያ የሚዳኙት በውል ሕግ ነው፤ ቁጥር 2037 ውልን አለመፈጸም በራሱ ከውል ውጪ ኃላፊነት እንደማያስከትል ይደነግጋል። ስለዚህ ባለቤቱ የውል ሕጉ እንደሚጠይቀው መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ያለ ውል የሌላውን ንብረት በእጁ ያደረገ ሰው ደግሞ በቁጥር 2054 ጥፋተኛ የሚባለው ይህን ያደረገው ባለመብቱ በግልጽ ካሳወቀው ፈቃድ ውጪ ሲሆን ነው። በሁለቱም በኩል፣ ቀን ተጽፎበትና ተፈርሞበት የተሰጠ አንድ ገጽ ደብዳቤ በችሎት ትልቅ ክብደት አለው። ብዙ ሰው ግን በስልክ ሲለምን ከርሞ ፍርድ ቤት ሲደርስ የጠየቀበትን ቀን እንኳ ማስረዳት ያቅተዋል።

ባለቤቱን ከሁሉ በላይ ሊያስቸኩለው የሚገባው ሦስተኛ ወገን ነው። በቁጥር 1161 መሠረት ግዙፍነት ያለውን ተንቀሳቃሽ ዕቃ በቅን ልቦና ገዝቶ የተረከበ ሰው ባለሀብት ይሆናል። በአደራ የተሰጠን ላፕቶፕ ያዡ ምንም ለማያውቅ ገዢ ቢሸጠው፣ ባለቤቱ ዕቃውን ተከትሎ ማስመለሱ ያከትምና ዋጋውንና ካሳውን ከሻጩ ወደ መጠየቅ ይዞራል። የተሰረቀ ዕቃ ሌላ ሥርዓት አለው፤ እዚያ ባለቤቱ በቅን ልቦና ከገዛውም ላይ መጠየቅ ይችላል። ልዩነቱ ጭካኔ ቢመስልም ሕጉ ዕቃውን በራሱ ፈቃድ ለሌላ ያስረከበውን ሰው ከተሰረቀበት እኩል አላየውም። ለዚህም ነው ክስ ሲቀርብ ዕቃው እንዳይሸጥና እንዳይበላሽ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 154 የእግድ ትእዛዝ አብሮ መጠየቅ ያለበት። የዋጋ ግምቱ እስከ 10 ሚሊዮን ብር የሆነ ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት የሚቀርበው ለፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ሲሆን፣ ልደታም የራሱ ምድብ ችሎት አለው።

ዕቃው ሲመለስ ነገሩ ያለቀ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ ትልቁ መብት የሚባክነውም እዚህ ላይ ነው። ለስድስት ወር የተያዘ ሚኒባስ ሲመለስ የስድስት ወሩ ገቢ አብሮት አይመለስም። ቁጥር 2118 አላግባብ የተወሰደ ንብረት ካፈራው ፍሬ ጋር እንዲመለስ ለማዘዝ ለፍርድ ቤት ሥልጣን ይሰጣል፤ ቁጥር 2091 ደግሞ ካሳ ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆን አለበት ይላል። በውል ጉዳይ ካሳው የሚለካው ውሉ ባለመፈጸሙ በተለምዶ በሚደርሰው ጉዳት ነው። ነገር ግን ባለመኪናው ሲዋዋል መኪናው የዕለት መተዳደሪያው መሆኑን ነግሮ ከነበረ፣ ወይም ያዡ ሆን ብሎ ለመጉዳት ያደረገው ከሆነ፣ ቁጥር 1801 ለደረሰው ጉዳት ሁሉ ካሳ ይፈቅዳል። ይህን ሁሉ ግን ዳኛ ካልተጠየቀ አይሰጥም። የክስ ማመልከቻው «ዕቃዬ ይመለስልኝ» ብሎ ካበቃ ፍርዱም እዚያው ያበቃል።

ዕቃው ጠፍቶ ወይም ተሽጦ በዋጋው ሲተካ ደግሞ የየትኛው ቀን ዋጋ ይወሰድ የሚለው ይመጣል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት በ57 ብር አካባቢ ይመነዘር የነበረው የአሜሪካ ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚመጣን ማቀዝቀዣ በተያዘበት ቀን ዋጋ መተመን ባለቤቱን በግማሽ ዕቃ ማሰናበት ነው። ከእኩልነት መርሁ ጋር የሚስማማው ባለቤቱ ፍርድ በተሰጠበት ጊዜ ያንኑ ዓይነት ዕቃ ሊገዛ የሚችልበት ገንዘብ ነው፤ ያዡ በመዘግየቱ ማትረፍ የለበትም።

የወንጀል ሕጉ ቁጥር 675 እምነት ማጉደልን ስለሚቀጣ ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ፖሊስ ጣቢያ ነው። መብቱ ነው። ይሁን እንጂ ወንጀል የማይገባ የራስን ጥቅም ለማግኘት የመፈለግን ሐሳብ ማስረዳት ይጠይቃል፤ «ዕዳ ስላለበት ያዝኩት» የሚል አከራይ ከወንጀሉ ሊያመልጥ ይችላል። ከፍትሐ ብሔሩ ግን በዚህ መልስ አያመልጥም። ባለቤቱም ከወራት በኋላ ቁልፍ ሰብሮ ዕቃውን ላውጣ ቢል ራሱ ተከሳሽ ሊሆን ይችላል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1148 በጉልበት መከላከልንና ማስመለስን የሚፈቅደው ወዲያው ሲሆን ብቻ ነው።

ሕጉ ደካማ የሆነው በገበያ ዋጋ ለሌላቸው ነገሮች ነው። የሟች እናት ፎቶግራፍ፣ የጋብቻ አልበም ወይም የትምህርት ማስረጃ ተይዞ ሲጠፋ የወረቀቱ ዋጋ ኢምንት ነው። የኅሊና ጉዳት የሚካሰው ሕጉ በግልጽ በፈቀዳቸው ሁኔታዎች ብቻ ሲሆን፣ በቁጥር 2116 የተቀመጠው ጣሪያም 1,000 ብር ነው። በ1952 ዓ.ም. ይህ ገንዘብ ቁም ነገር ነበር፤ ዛሬ የጠበቃ የአንድ ቀን ድካም አይሸፍንም፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም ቁጥሩን ሊያሻሽለው ይገባል። እስከዚያው ለእንዲህ ያለ ንብረት ያለው ብቸኛ መድኃኒት ዕቃው ሳይጠፋ ማስመለስ ነውና፣ ባለቤቱ ካሳውን ከመቁጠሩ አስቀድሞ እግዱን መጠየቅ፣ ዳኛውም የእግድ ጥያቄውን ሳያሳድር መመልከት ይኖርበታል።