ከቲሸርቱ በኋላስ?

እኛ ቆመን ሰነበትን። ‹‹ቆመን›› ያልነው ለወሬ ማሳመሪያ አይደለም። መስከረም ላይ ‹‹ሯጭ ሆነናል›› እያልን ሰፈሩን ያደነቆርን አራት ጓደኛሞች ኅዳር ላይ የታላቁን ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር ጨርሰን ፎቶ ተነሳን፤ ታኅሣሥ ላይ ጫማችንን አልጋ ሥር ከተትን። የዛሬው ወጋችን ስለዚያ ጫማ ነው፤ አልጋ ሥር እንዴት እንደገባና እንዴት እንደወጣ።

ነገሩን ከመነሻው እናውራው። ባለፈው ነሐሴ ከመካከላችን አንዱ፣ ባንክ ቤት ተቀምጦ የሚውለው ልጅ፣ ራሱን ሲያመው ክሊኒክ ሄደ። ደም ግፊቱ ተለካ፤ 150 በ95። ዕድሜው 31 ነው። ሐኪሟ በሌላ ቀን ጠርታ ደግማ ለካችው፤ ያው ነው። ‹‹ጨው ቀንስ፣ ሰውነትህን አንቀሳቅስ፣ ከሦስት ወር በኋላ ተመለስ፤ ካልወረደ መድኃኒት እንጀምራለን›› አለችው። አባቱ ያረፉት በዚሁ በደም ግፊት ጣጣ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ቀብራቸው ላይ አብረን ቆመናል። እሱ ነገሩን እንደ ቀልድ ሲያወራልን እኛ መሳቅ አቃተን። የያዝነው ማኪያቶ ሳያልቅ ተስማማን፤ አዲስ ዓመት ሲገባ አራታችንም እንሮጣለን።

መቼም እኛ ታክሲ ለመያዝ ካልሆነ በቀር ሮጠን የምናውቅ ሰዎች አይደለንም። ስለዚህ ለጀማሪ የተሠራ ፕሮግራም ፈለግን። ያገኘነው ጆሽ ክላርክ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1996 ያዘጋጀውን፣ ሶፋ ላይ የሚውል ሰው ተነስቶ 5 ኪሎ ሜትር እንዲሮጥ የሚያደርገውን ነው። ዘጠኝ ሳምንት፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በድምሩ 27 ቀን። የመጀመሪያው ሳምንት ለሰነፍ የታሰበ ይመስላል። አምስት ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ ከዚያ 60 ሰከንድ ሶምሶማ፣ 90 ሰከንድ እርምጃ፣ እንደገና 60 ሰከንድ ሶምሶማ… እንዲህ እያሉ 20 ደቂቃ። ስናነበው ሳቅን። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ ስንሞክረው ግን 60 ሰከንድ ምን ያህል ረጅም እንደሆነ ገባን።

አምስተኛው ሳምንት፣ ሦስተኛው ቀን ላይ ፕሮግራሙ ድንገት ‹‹20 ደቂቃ ሳታቆሙ ሩጡ›› ይላል። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን በአንድ ትንፋሽ የሮጥነው 8 ደቂቃ ብቻ ነበር። ያን ቀን ማለዳ መስቀል አደባባይ ላይ፣ አስተማሪ የሆነችው ጓደኛችን 20ኛዋን ደቂቃ ስትጨርስ አለቀሰች። ‹‹ምን ሆንሽ?›› ስንላት ‹‹ምንም፤ አልችልም ብዬ ነበር›› አለችን። እውነቱን ለመናገር እኛም ዓይናችን ሳይረጥብ አልቀረም፤ ላብ ነው ብለን አለፍነው።

ከመስከረም መግቢያ ዘጠኝ ሳምንት ብትቆጥሩ ኅዳር ላይ ያርፋል። ኅዳር ደግሞ የታላቁ ሩጫ ወር ነው። ሩጫው በኅዳር 1994 ዓ.ም ሲጀመር 10,000 ሰው ነበር የተሳተፈበት፤ አሸናፊውም ራሱ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነበር። ዛሬ ተሳታፊው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ነው፤ አብዛኛው የሚመጣውም ለማሸነፍ ሳይሆን ለመጨፈር ነው። እኛም ተመዘገብን፣ ቲሸርታችንን ለበስን፣ ግማሹን ሮጥን፣ ግማሹን እየተራመድንና እየጨፈርን ጨረስን። በዚያው ሳምንት የባንክ ቤቱ ልጅ ተለካ፤ 134 በ86። ሐኪሟ ‹‹ጎበዝ፣ ቀጥል›› አለችው። ‹‹ጎበዝ›› የምትለዋን ቃል ሁላችንም ሰማናት። ‹‹ቀጥል›› የምትለዋን ግን ማንም አልሰማም።

ከዚያማ ታውቁታላችሁ። የመጀመሪያው ሰኞ ‹‹ሰውነታችን ይረፍ›› አልን፤ ልክ ነበርን። በሚቀጥለው ሰኞ ‹‹ብርዱ ከበደ›› አልን። ከዚያ ገና መጣ። ከዚያ ጥምቀት። ከዚያ የመሥሪያ ቤት ሪፖርት። ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባና ‹‹በባዶ ሆድ እንዴት ተደርጎ!›› ተባለ። (ከአራታችን የምንጾመው ሁለታችን ብቻ መሆናችንን ልብ በሉልን።) በመካከሉ አንዳችን ሌላችንን ስናገኝ ‹‹ሙዱ ጠፋብኝ እኮ››፣ ‹‹እኔም ሞራሌ ወርዷል››፣ ‹‹እስኪ ሲመለስ…›› እንባባል ነበር። ሞራል እንደ መብራት ሄዶ የሚመጣ ነገር ይመስል ቁጭ ብለን ጠበቅነው።

መጋቢት መጀመሪያ ላይ የባንክ ቤቱ ልጅ ራስ ምታቱ ተመለሰና እንደገና ተለካ። 148 በ94። ሐኪሟ አልተቆጣችም፤ መድኃኒት ጻፈችለት። እኛ ግን ተቆጣነው። ‹‹እንዴት ዝም ብለህ ትተወዋለህ? ለራስህ አታስብም?›› ብለን ጮህንበት። ዝም ብሎ ሲሰማን ቆየና ‹‹እናንተስ? ከኅዳር ወዲህ ማናችሁ ናችሁ ጠዋት 12 ሰዓት የደወላችሁልኝ?›› አለ።

መልስ አልነበረንም። እስካሁንም የለንም። ይህን ጽሑፍ የጻፍነው በዚያች ጥያቄ ምክንያት ነው።

ቁጭ ብለን ስናስበው የጠፋብን ሞራል እንዳልሆነ ገባን። በእነዚያ ዘጠኝ ሳምንታትም ቢሆን ሞራል የነበረን አልፎ አልፎ ነው። አብዛኛውን ቀን የወጣነው እያዛጋን፣ እየተራገምን፣ አንዱ ሌላውን እየጎተተ ነው። የነበረን ቀጠሮ ነው። ፕሮግራሙ ማክሰኞ ምን እንደምናደርግ ይነግረን ነበር፤ ጓደኛችን ማክሰኞ የት እንደሚጠብቀን እናውቅ ነበር። ፕሮግራሙ 27ኛው ቀን ላይ አለቀ፤ ቀጠሮውም አብሮት አለቀ። ማንም ‹‹28ኛው ቀንስ?›› ብሎ አልጠየቀም።

ጥፋቱን የፕሮግራሙ ብቻ አናድርገው። እኛ ኢትዮጵያውያን ሩጫን የምናውቀው ከመጨረሻው መስመር ነው። ደራርቱ ቱሉን እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ስታመጣ አይተናል፤ ያላየን ከወላጆቻችን ሰምተናል። በ2000 ሲድኒ ላይ ሁለተኛውን ወርቅ ስታመጣም እንዲሁ። በሁለቱ መካከል ግን ስምንት ዓመት አለ። በ1996 አትላንታ ላይ አራተኛ ወጥታ ያለ ሜዳሊያ ተመልሳለች፤ በ1998 ልጅ ወልዳለች። ከዚያ በኋላ ነው ሲድኒ። እንደገና በ2009፣ በ37 ዓመቷ፣ የኒውዮርክን ማራቶን አሸንፋለች። እኛ ያጨበጨብነው ለሁለቱ ድሎች ነው። በስምንቱ ዓመታት ውስጥ ያሉትን፣ ካሜራ የሌለባቸውን ተራ ማክሰኞዎች ማንም አላሳየንም። ታዲያ እኛም በአቅማችን ሩጫ ማለት ገመድ በጥሶ ፎቶ መነሳት መሰለን። ፎቶው ተነሳ፤ ሩጫው አለቀ።

ሰውነት ግን ፎቶ አያውቅም። ልብና ሳንባ በልምምድ ያገኙት አቅም ካቆምን ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ መቀነስ ይጀምራል፤ በእንቅስቃሴ የወረደ የደም ግፊትም እንቅስቃሴው ሲቆም ተመልሶ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። ይህ በሳምንት ነው። በየሳምንቱ! ‹‹ለታላቁ ሩጫ ሲባል በዓመት አንዴ›› የሚል ነገር የለውም። ሦስት ቀን 30 ደቂቃ መሮጥ 90 ይሆናል፤ ይበቃል ማለት ነው። የጨረስነው ፕሮግራም ያደረሰን በትክክል እዚያ ነበር። ደጃፉ ድረስ አድርሶን እኛ ከደጃፍ ተመለስን።

ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የሚሰጠው ምክር ‹‹ትልቅ ግብ አስቀምጡ›› የሚል ነው። 5 ከጨረሳችሁ 10፣ 10 ከጨረሳችሁ 21። እኛ በዚህ አንስማማም። ሌላ ግብ ማለት ሌላ የመጨረሻ መስመር ማለት ነው፤ ከእሱም በኋላ ሌላ አልጋ ሥር አለ። እኛ የሚያስፈልገን ማለቂያ የሌለው ነገር ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ለማግኘት ደግሞ አሜሪካ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ ቤታችን ውስጥ አለ።

እናቶቻችንን ተመልከቱ። ዕድር የሚሄዱት ሙዳቸው መጥቶ አይደለም። ቀኑ ስለደረሰ፣ ስማቸው ስለሚጠራ፣ ቀሪ ስለሚቀጣ ነው። ከሁሉም በላይ ግን ክፉ ቀን ሲመጣ ድንኳኑን የሚተክልላቸው ማን እንደሆነ ስለሚያውቁ ነው። ‹‹ዘንድሮ የዕድር ሞራሌ ወርዷል›› ያለች እናት አይተን አናውቅም። እኛ ልጆቻቸው ግን ስለ ራሳችን ልብ ሲሆን ሙድ እንጠብቃለን።

ስለዚህ ዕድር አቋቋምን። የሩጫ ዕድር። ድንኳን የለውም፤ እንዲያውም ድንኳኑ ቶሎ እንዳይተከል ነው ዓላማው። ሕጉ አጭር ነው። ማክሰኞ፣ ሐሙስና እሑድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት መስቀል አደባባይ። ቀሪ የእሑዱን ማኪያቶ ለሁሉም ይከፍላል። መቅረት የፈለገ በቴክስት ማምለጥ አይችልም፤ ለባንክ ቤቱ ልጅ ደውሎ በድምፁ ‹‹ዛሬ አልመጣም›› ማለት አለበት። (ይህቺ ሕግ ብቻዋን ስንቱን ከአልጋ እንዳስነሳች ብታዩ!) ዳኛው በየሳምንቱ ይቀያየራል፤ መንገዱን የሚመርጠው እሱ ነው። ፍጥነቱን የሚወስነው ደግሞ ከሁላችን ቀርፋፋው ነው። እየሮጡ ማውራት ካልተቻለ ፈጥነናል ማለት ነው።

የጀመርነውም ካቆምንበት አይደለም። ኅዳር ላይ የነበረውን ጉልበት መጋቢት ላይ መፈለግ ሌላው የተስፋ መቁረጫ መንገድ ነው። የመጀመሪያው ቀን ሞክረነው አሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ ቆመናል፤ አፍረናልም። ከዚያ ወደ አራተኛው ሳምንት ተመለስን፤ ሦስት ደቂቃ ሩጫ፣ እርምጃ፣ አምስት ደቂቃ ሩጫ። የሚገርመው፣ የጠፋው አቅም ሲመለስ መጀመሪያ ከመጣበት ይፈጥናል። በአራት ሳምንት ውስጥ 30 ደቂቃችን ላይ ደረስን።

የሚቃወሙን ጓደኞች አሉ። አንዳንዶቹ ‹‹ሩጫ ብቻዬን የምሆንበት ሰዓት ነው፤ ቅጣትና ስም ጥሪ ምን ያደርግልኛል?›› ይላሉ። ለቻለበት ሰው እሰየው ነው። እኛ ብቻችንን ሞክረነው አልቻልንበትም። ከመካከላችን ያሉት ሁለት ሴቶች ደግሞ ለብቻቸው ሲሮጡ ለከፋው፣ ‹‹ማን አሳደደሽ?›› የሚለው ፌዝ፣ የጨለማው ፍርሃት አብሯቸው ይሮጣል። ለእነሱ አብሮ መሮጥ ምርጫ ብቻ አይደለም።

ሌሎቹ ደግሞ ‹‹ሕዝቡ በታክሲ እጦት በእግሩ እየኳተነ እናንተ ለመዝናናት ትሮጣላችሁ›› ይሉናል። ይህቺኛዋ ታማለች። እውነት አላት። ለሥራ ጉዳይ በቀን ሁለት ሰዓት የሚራመድ ሰው የእኛ ዕድር አያስፈልገውም፤ እረፍት እንጂ። እኛ ግን የምንጽፈው እንደኛ ዘጠኝ ሰዓት ወንበር ላይ ለሚውለው ነው። ለእሱ ጂም መክፈል ግዴታ አይደለም። ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ ብዙ የእግረኛ መንገዶች ሰፍተዋል፤ ለመንገዱ ሲባል የተነሱት ሰፈሮች ነገር ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል። መንገዱ ግን አለ፤ ንጋት ላይ ባዶ ነው።

የባንክ ቤቱ ልጅ ዛሬ ክኒኑንም ይውጣል፣ ሩጫውንም ይሮጣል፤ ሐኪሟ አንዱ የሌላው ምትክ እንዳልሆነ ነግራዋለች። ባለፈው ሳምንት ሲለካ 130 በ84 ነበር። እልል አላልንም። አንድ ጊዜ እልል ብለን የሆነውን አይተናል።

አሁን ክረምቱ እየመጣ ነው። ጭቃው፣ ዝናቡ፣ ከብርድ ልብስ ውስጥ የሚወጣው ‹‹ዛሬስ ይቅርብኝ›› የሚለው ድምፅ ሁሉ ተሰልፎ እየጠበቀን ነው። እንወድቅ ይሆናል። ከወደቅን አልጋ ሥር የምናስገባው ጫማውን ብቻ እንዳልሆነ ግን አሁን እናውቃለን።

እናንተስ? ባለፈው ኅዳር ቲሸርቱን ለብሳችሁ አብራችሁን የነበራችሁ፣ ቲሸርቱን አሁን ለመኝታ የምትለብሱት፣ ለማን ነበር ‹‹አብረን እንሮጣለን›› ያላችሁት? ሞራላችሁ እስኪመለስ አትጠብቁ። ስልካችሁን አንሱና ደውሉለት።

ማክሰኞ 12 ሰዓት እኛ እዚያው ነን። ቀሪ ማኪያቶ ይከፍላል።