አያት አለች ይሉናል

ሰሞኑን በሬዲዮ አንድ ባለሙያ ስለ ሕፃናት ማቆያ ሲናገሩ ሰማሁ። አዲስ አበባ ውስጥ የማቆያ ክፍያ ደሞዝተኛውን እንዴት እንዳስመረረው አንድ በአንድ ዘረዘሩ፤ እኔም እየተስማማሁ አዳመጥኳቸው። ጋዜጠኛዋ «በገጠርና በትንንሽ ከተሞችስ?» ብላ ስትጠይቃቸው ግን «እዚያ እንኳ ችግሩ የለም፤ አያት አለች፣ ጎረቤት አለ፣ ልጅ የሚያድገው በደቦ ነው» ብለው ወደ ሌላ ጉዳይ አለፉ። እሳቸው አለፉ፤ እኔን ግን ያቺ መልስ ሳምንቱን ሙሉ ስታንገበግበኝ ከረመች።

እስቲ ስለዚህች አያት እንነጋገር። የትንሿ የመንዝ ከተማችን የዘመሮ አያት ሥራ ፈት አይደለችም። ጎሕ ሲቀድ ተነስታ በረት ትጠርጋለች፣ ኩበት ትጠፈጥፋለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ ገብስ ትቆላለች። ሲመሽ ደግሞ የበግ ጠጉሯን ይዛ ትፈትላለች። በመንዝ ውርጭ ሕፃን አዝሎ መዋል የወጣት ወገብ ይፈልጋል። ቢሆንም ታዝላለች፤ የልጇ ልጅ ነውና እምቢ አትልም። ባለሙያው «ችግሩ የለም» ያሉት እሷ እምቢ ስላላለች ነው።

ደግሞስ የማን አያት? ዘመሮ ላይ የወር ደሞዝ ያላቸው ሴቶች እነማን ናቸው? መምህርት፣ ነርስ፣ ጤና ኤክስቴንሽን፣ የግብርና ባለሙያ፣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ። ብዙዎቹ ተመድበው የመጡ ናቸው። የአንዷ እናት ደብረ ብርሃን፣ የሌላዋ ደሴ፣ የሦስተኛዋ ጎጃም ናት። ልጅ ሲወለድ ገንፎ ሊያገነፉ ይመጣሉ፤ አራስ ቤቱ ሲያበቃ ከብታቸውና ቤታቸው ይጠራቸዋል። እንግዲህ በትንሽ ከተማ ከቤት ውጭ የምትሠራው እናት አያት አጠገቧ የሌለች እናት ናት። ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም፤ አንድ ቀን ጠዋት መንገድ ዳር መቆም ይበቃል።

ከእነዚህ ውስጥ ጤና ኤክስቴንሽኗን ልብ በሉልኝ። መርሐ ግብሩ ከ1995 ጀምሮ የቆመው በወጣት ሴቶች ትከሻ ላይ ነው። ከሥራቸው አንዱ ቤት ለቤት እየዞሩ «ልጅሽን እስከ ስድስት ወር ከጡት በቀር ምንም አትስጪው» ብሎ መምከር ነው። ምክሩ ትክክል ነው። መካሪዋ ራሷ ስትወልድ ግን ሕጉ ከወሊድ በኋላ የሚሰጣት ፈቃድ 90 ቀን ነው። ስድስት ወር እንዲያጠቡ ስታስተምር የኖረች ሴት በሦስተኛው ወር ልጇን ጥላ ትወጣለች። የቀሩትን ወራት እናት አንድ መንደር፣ ልጅ ሌላ መንደር ይውላሉ። ማታ ጡቷ አግቶ፣ ልጁ አልቅሶ ደክሞት ይገናኛሉ።

የማውቃት አንዲት መምህርት ከሌላ ዞን የመጣች ናት። ፈቃዷ ሲያልቅ ከአጎራባች ቀበሌ አንዲት ልጅ አመጣች። ልጅቷ አምስተኛ ክፍል ነበረች። እናቲቱ ለማጥባት ቅርብ እንዲሆንላት ብላ ልጅቷን ሕፃኑን አሳዝላ ትምህርት ቤት ድረስ ይዛት ትሄዳለች። ከመማሪያ ክፍሉ ግድግዳ ስር፣ ፀሐይ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ታስቀምጣታለች። እኔ ስሄድ ልጅቷ ሕፃኑን በባና ጠቅልላ እያወዛወዘች በመስኮት የሚወጣውን ትምህርት ከተማሪዎቹ እኩል በለሆሳስ ትደግማለች። ውስጥ ያሉት እኩዮቿ ናቸው።

መምህርቷን ጠየቅኋት። «ምን ላድርግ ጋሼ? እሷን ካልያዝኩ እኔ ሥራ ማቆሜ ነው። ማታ አስተምርሻለሁ ብያት ነበር፤ ማታ ደግሞ ሁለታችንም ደክሞን እንተኛለን» አለችኝ። ልወቅሳት አልቻልኩም። ደጋግ ከሚባሉት ቀጣሪዎች አንዷ ናት፤ ልጅቷን ከራሷ ሳህን ታበላታለች፣ ከደሞዟ ሩቡን ትሰጣታለች። ችግሩ የእሷ ክፋት ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ፤ ሴትዮዋን መክረን በተገላገልን ነበር።

ባለሙያው ወጪ የለውም ያሉት ይህንን ነው። ወጪውማ አለ። የሚከፈለው በልጅቱ አምስተኛ ክፍል ነው።

የዚህ ዓምድ አንባቢዎች የቤት ሠራተኛ ደላላን ነገር ደጋግሜ እንደማነሳ ያውቃሉ። ዛሬም አነሳዋለሁ፤ ጉዳዩ አንድ ነውና። ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ በየአውቶቡሱ ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱት ልጃገረዶች ምን ሊሠሩ ይመስላችኋል? አብዛኞቹ ልጅ ሊይዙ ነው። የአዲስ አበባዋ እናት ማቆያ ስትጠይቅ ከደሞዟ ከግማሽ በላይ ይሏታል። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የዲግሪ ምሩቅ መነሻ ደሞዝ 11,500 ብር ሆኗል፤ የቤት ኪራይና ትራንስፖርት ሲወጡለት የማቆያው ግማሽ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ወደ ደላላ ትደውላለች፤ ደላላው ወደ እኛ ይደውላል። የአዲስ አበባ ማቆያ በተወደደ ቁጥር የዘመሮ መማሪያ ክፍል ይሳሳል።

«ለልጅቷም ዕድል ነው፤ ማታ ትማራለች» የሚሉ አሉ። የራሳቸውን ልጅ በዚህ ዕድል ሲልኩ አላየሁም።

ሕጉ ምን ይላል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። ይኸው አዋጅ ግን የቤት ሠራተኛን ቅጥር ከሌላው ሠራተኛ ለይቶ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲወሰን አድርጎታል። እስከዚያው ልጅቷን የሚመለከቷት በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ያሉት ጥቂት አንቀጾች ናቸው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሴት ሠራተኞች የሚያጠቡበትና ሕፃናት የሚውሉበት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደግሞ በፌዴራሉ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ተጽፎ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ አንዳንድ ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች አቋቁመዋል፤ ገብቼ ያየሁት አለ፤ ንጹሕ ነው፤ እናቶቹም በሻይ ሰዓት እየወረዱ ያጠባሉ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ግን ሐሳቡ ጣርማ በር ላይ ወደ መንዝ የሚታጠፈውን መንገድ ይዞ ሲመጣ አላየሁም።

አገራችን የቤተሰብ ኃላፊነት ያለባቸውን ሠራተኞች የሚመለከተውን የዓለም ሥራ ድርጅት 156ኛ ስምምነት ካጸደቀች ከሠላሳ ዓመት አልፏል፤ 1983 ነበር። የሕፃናት እንክብካቤ አገልግሎትን ማስፋፋት በውስጡ አለ። የሴፍቲኔት ማስፈጸሚያ መመሪያም እናቶች እርከን ሲሠሩ ልጆቻቸው የሚውሉበት ቦታ እንዲዘጋጅ ያዛል። እኔ እርከን ሲሠራ ባየሁባቸው ተዳፋቶች ሁሉ ልጁ ያለው ከእናቱ ጀርባ ላይ ነው፤ ድንጋይ ስታነሳም አብሮ ይጎነበሳል። ወይ ደግሞ እህቱ ከእርሻው ድንበር ላይ ይዛው ትቀመጣለች። እዚህም ያቺው እህት።

መዋዕለ ሕፃናት ለእኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም። የመጀመሪያው ተብሎ የሚጠቀሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1900 ድሬዳዋ ላይ የተከፈተው ነው፤ ለባቡር ሐዲድ ሥራ ለመጡ ፈረንሳውያን ልጆች። ሐዲድ ለመዘርጋት ልጅ የሚውልበት ቤት እንደሚያስፈልግ ያኔም ታውቆ ነበር ማለት ነው። በካናዳ የኩቤክ ክፍለ ሀገር መንግሥት ደግሞ በ1997 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ወላጅ ለማቆያ የሚከፍለውን በቀን 5 ዶላር አድርጎ ቀሪውን ራሱ መሸፈን ሲጀምር፣ እናቶች በብዛት ወደ ሥራ ወጡ። እነሱ ሀብታም ናቸው ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ እኔም የኩቤክን በጀት ለዘመሮ አልመኝም። የምፈልገው አንድ ሞቅ ያለ ክፍል ነው።

ክፍሉን ማን ያስተዳድረው? እድር። ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ድስት ያለው፣ ወርሃዊ መዋጮ መሰብሰብ የለመደ፣ ገንዘብ ያዡም የሚታወቅ እድር ነው። ሬሳ ለመቅበር የምናምነውን ማኅበር ሕፃን ለማቆየት የማናምንበት ምክንያት አይታየኝም። ደሞዝተኞቹ እናቶች ዛሬ እያንዳንዳቸው ለአንዲት ልጅ የሚከፍሉትን ቢያዋጡ፣ ሁለት ሦስት ልጅ ያሳደጉ፣ ዕድሜያቸው የደረሰ ሴቶችን በደህና ደሞዝ መቅጠር ይቻላል። ያ ሥራ ለዘመሮ ሴቶች ሥራ ይሆናል። ልጅ ያዦቹ ልጃገረዶችም ወደ አምስተኛ ክፍል ይመለሳሉ። መንግሥት ቤቱንና ማገዶውን ይቻል፤ የአርሶ አደሯን እናት ድርሻም እሱ ይክፈል፤ ገብስ ሲሰበሰብ እንጂ በየወሩ ብር የማታገኝ እናት እንደ ደሞዝተኛዋ ክፈይ ብትባል አትመጣም።

ይህን ለአንድ ኃላፊ ባጫውታቸው «መሬቱ አይቸግርም፤ ከከተማው ዳር ሰፊ ቦታ አለ» አሉኝ። ቀና ሰው ናቸው፤ መሬቱንም ከልባቸው ነው የሰጡኝ። ነገር ግን ከዳር መሆን የለበትም። ማጥባት በእረፍት ሰዓት የሚሠራ ሥራ ነው። መምህርቷ ደወል ሲደወል ወጥታ፣ ደርሳ፣ አጥብታ፣ ቀጣዩ ክፍለ ጊዜ ሳይጀምር መመለስ አለባት። ነርሷም እንደዚሁ፤ ገበያ የመጣችውም ሴት ቅርጫቷን አደራ ብላ ደርሳ የምትመለስበት ርቀት መሆን አለበት። ስለዚህ ሰፊው ሜዳ ይቅርና ጠባቡ ይሁን፤ በትምህርት ቤቱ፣ በጤና ጣቢያውና በገበያው መካከል ይሁን፤ ነፋስ የማይገባበት፣ የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝ፣ ምድጃው ከሕፃናቱ በአጥር የተለየ አንድ ክፍል። መስከረም ላይ ትምህርት ከመከፈቱ በፊት።