ስፒከሩን ማን አቃጠለው?

«የእቁብ ብሬን አውጥቼ ለባጃጄ ስፒከር ባስገጥም በሁለት ሳምንቱ ተቃጠለ። አምፑ እንኳ ትንሽ ነበር! ጥፋቱ የምኑ ነው?» ይላል ከወረታ፣ ከደብረ ታቦር መገንጠያ የጻፈልን ልጅ።

ወንድሜ፣ ያቃጠለው ያው ትንሹ ነው! አምፕ ካቅሙ በላይ ሲጮህ ድምፁ ይሰነጠቃል፤ ያኔ ከተጻፈለት ዋት እስከ እጥፍ ሊወጣው ይችላል፤ የስፒከሩም ጥቅልል ሽቦ ይግላል።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው «ማክስ» አያታልህ፤ «አር ኤም ኤስ» የሚለውን እይ። ስፒከሩ 50 ዋት ከሆነ አምፑም በየቻናሉ 50 አካባቢ ይሁን። ሁለት ባለ 4 ኦም ስፒከር ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ ካገናኘህ 2 ኦም ይሆናል፤ አምፑ ይህን መቻሉን አረጋግጥ። ድምፁ መሰንጠቅ ሲጀምር ቀንስ።

ደግሞስ የምትጭነው ተሳፋሪ እንጂ የፎገራን ሜዳ በሙዚቃ ልትሞላ ነው እንዴ? የሚቀጥለው እቁብ ለጎማ ይሁንልህ!